መጥፎ ዜና ለአለቃ ሲነገር

የአሜሪካው መኪና አምራች ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ኩባንያው ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዚያ ድረስ ግን እንዲህ ያለ ኪሳራ አይቶ አያውቅም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አለን ሙላሊ የሚባል መሐንዲስ ከቦይንግ መጥቶ የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ወንበር ያዘ።

ሙላሊ ሥራውን የጀመረው በስብሰባ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የየዘርፉ ኃላፊዎች በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሥራ በቀለም ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው። ቢጫ ከሆነ ችግር አለ፣ መውጫውም ታስቧል። ቀይ ከሆነ ችግር አለ፣ መውጫው ግን ገና አልተገኘም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ሙላሊ ግራ ገባው። በቢሊዮን እየከሰርን ደህና ያልሄደ ነገር አንድም የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ዝም አሉ።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የማያውቁ አልነበሩም። ፎርድ ቤት ለዓመታት የተማሩትን ነው ያደረጉት። ችግሩን ስብሰባ ላይ ያወጣ ኃላፊ ወንበሩን ለሚመኝ ሰው መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ የሚያዋጣው ችግርን ለብቻ ይዞ፣ ለብቻ ታግሎ፣ መፍትሔው እጅ ሲገባ ብቻ ማውራት ነበር።

ከዚያ ማርክ ፊልድስ መጣ። ፊልድስ የፎርድ የአሜሪካ አህጉር ሥራ ኃላፊ ነበር። ኤጅ የተባለው አዲስ መኪና ካናዳ ውስጥ ኦክቪል ከሚገኘው ፋብሪካ ሊወጣ ተቃርቧል። አንድ የሙከራ ነጂ ግን ከመኪናው ሥር ያልተለመደ ድምፅ ሰማ። ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ፊልድስ መኪናው እንዳይወጣ አገደ። ሐሙስ ሲደርስም ቀይ ይዞ ቀረበ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አብዛኞቹ ይህ ሰው ዛሬ አበቃለት ብለው አሰቡ። ሙላሊ ግን አጨበጨበ። ከዚያም ለዚህ ነገር ማን ሊረዳው ይችላል ብሎ ጠየቀ። ኃላፊዎቹ ያላቸውን መረጃና መሐንዲሶች ለማቀበል ቃል ገቡ። ነገሩ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ግን የሌሎቹም ሰሌዳ ቢጫና ቀይ መልበስ ጀመረ።

በዚያ ጊዜ ፎርድ ገና አልዳነም። ንብረቱን አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ተፎካካሪዎቹ ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር ለኪሳራ ፍርድ ቤት እጃቸውን ሲሰጡ ፎርድ ቆሞ ቀረ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ብድሩ ራሱ አንዱ ነው። እኔ ግን ቀይዋን ሐሙስ ከምክንያቶቹ ዝርዝር አላወጣትም። የታመመው የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ብሩ ቢገኝ እንኳ የት ይውላል?

ስለ ድርጅት ባህል ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ከሥሩ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅንነት ተብሎ ይጻፋል። ባነሩ ላይ የተጻፈው መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ሠራተኛ የድርጅቱን ባህል የሚማረው ከባነር አይደለም። የሚማረው ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት አይቶ ነው። ያ ሰው ከተሰደበ ይታያል። ከተመሰገነም ይታያል። አንዱ የደረሰበትን ሃምሳው ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ ይወራል።

የቢዝነስ ኮቺንግ ሥራም እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ቃሉ አዲስ አበባ ውስጥ አሁን በየቦታው ይሰማል፣ ትርጉሙ ግን ተደበላልቋል። አሰልጣኝ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ያስተምራል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ይሄዳል። አማካሪ አጥንቶ ወፍራም ሰነድ ያስረክባል። ኮች ደግሞ አለቃው አጠገብ ለወራት ይቀመጣል። ስብሰባው ላይ ገብቶ ያያል። ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው ሆነው የፋይናንስ ኃላፊዋ መናገር ስትጀምር ስልክህን ማየት ጀመርክ፣ እሷም ወዲያው አሳጠረችው ይለዋል። አለቃው ይህን ከሌላ ሰው ሊሰማ አይችልም። ሚስቱ ስብሰባው ላይ የለችም፤ ምክትሉ ደግሞ አይደፍርም።

ጥሩ ኮች መልስ ይዞ አይመጣም። አለቃው ራሱን በሥራ ላይ እንዲያይ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ የሚያደርገው ነገር አለ ብሎ የሚሸጥ ካለ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል።

ሰው ለምን ይደብቃል? ብዙ አለቆች ሠራተኞቼ አያወሩኝም ሲሉ ነገሩን ከሰው ባሕርይ ጋር ያያይዙታል። ሐበሻ ድብቅ ነው ይባላል። ይህ ነገሩን አያስረዳም። የፎርድ አለቆችም ደብቀዋል። ሰው የሚደብቀው አስቦ ነው። ብናገር ምን አገኛለሁ? ዝም ብል ምን አጣለሁ? ይህን በሐሳቡ ያሰላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ያዋጣል። ብናገር ጉዳቱ ዛሬ ነው፣ የሚጎዳውም እኔ ነኝ። ዝም ብል ጉዳቱ የዛሬ ስድስት ወር ነው፣ የሚጎዳውም ድርጅቱ ነው።

እኛ ዘንድ በስሌቱ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች መኖራቸው ግን እውነት ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ያደገ ሰው ለአለቃው ዕቅድህ አይሠራም ማለት ይከብደዋል። ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ክብር ጥሩ ነገር ነው። ሥራ ቦታ ላይ ግን ክብሩ አንዳንዴ መረጃ ያስቀራል።

ሌላው ግምገማ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ስህተት በጋራ ማውራትን የምናውቀው በግምገማ ነው። ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ እንደገና ሂስ። ስብሰባው ሰዓታት ይፈጃል። ሲያልቅ የሚገኘው ውጤት ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ከቦታው ይነሳል፣ ሌላ ይተካል፣ ያው ስህተት በዓመቱ ይመለሳል። የተነሳው ሰው የተቀመጠበት ወንበር፣ ያ ወንበር የሚሰጠው ትዕዛዝ፣ ትዕዛዙ የሚደርስበት ሰዓት አልተነካማ። በዚህ ውስጥ ያለፈ ሠራተኛን ኑ ከውድቀታችን እንማር ብላችሁ ብትጠሩት የሚያስበው ዛሬ ማን ሊበላ ነው ብሎ ነው። እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። አስተናጋጁ ብርጭቆ ሰበረ፣ ይቆረጥበታል። ሳይከፍል የሄደ ደንበኛ አለ፣ ይቆረጥበታል። ገንዘብ ያዥዋ ካዝና ጎደላት፣ ይቆረጥባታል። ሕጉ ገደብ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። እኔ አሁን የማነሳው ግን የሕጉን ጉዳይ አይደለም። ብርጭቆ በየሳምንቱ የሚሰበረው የማጠቢያ ቤቱ ወለል ስለሚያንሸራትት ሊሆን ይችላል። ስብራት ሁሉ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ባለቤቱ ይህን በጭራሽ አይሰማም። ስባሪው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጣላል፣ ወለሉም እንደተንሸራተተ ይኖራል።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሂድ። ለእኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ታሪክ እዚያ ነው ያለው።

ፍሪሞንት በምትባል ከተማ ጄኔራል ሞተርስ ትልቅ የመኪና መገጣጠሚያ ነበረው። ስሙ የጠፋ ፋብሪካ ነበር። በተራ ቀን ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ይቀራል። ሥራ ላይ መጠጥ ይጠጣል። አንዳንዶች ንዴታቸውን ለመወጣት የመኪናው በር ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ ይጥሉ ነበር፤ ገዢው ሲነዳ እንዲንኳኳበት ነው። ይህን ኋላ ላይ ራሳቸው ሠራተኞቹ ተናግረዋል። በዚያ ፋብሪካ አንድ የማይጣስ ትዕዛዝ ነበር። መስመሩ አይቆምም። መኪናው ጎዶሎ ዕቃ ይዞ ቢመጣም ያልፋል። ብሎን ባይገባም ያልፋል። መጨረሻ ላይ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠገናል። እ.ኤ.አ. በ1982 ፋብሪካው ተዘጋ።

በ1984 ግን ተመልሶ ተከፈተ። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ማምረት ፈልጓል፣ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ጃፓኖቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ፈልጓል። ሁለቱ ኑሚ የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ፣ አመራሩን ቶዮታ ያዘ። የሚገርመው የተቀጠሩት ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ እነዚያው የድሮዎቹ ናቸው። ያው የሠራተኛ ማኅበር፣ ያው ግቢ። ቶዮታ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ጃፓን ወስዶ በራሱ ፋብሪካ መስመር ላይ አሠራቸው። እዚያ ያዩት አንድ ነገር ብዙዎቹን አስደነገጠ፤ ሠራተኛው ራሱ መስመሩን ማስቆም ይችላል።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። መኪናው ፊቱ ሲደርስ ሥራውን ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ገደማ አለው። ብሎኑ ጠምሞ ገባ እንበል። ገመዱን ይስባል። ሙዚቃ ይሰማል፣ ከላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የቦታው ቁጥር ይበራል። መስመሩ ወዲያው አይቆምም። የቡድን መሪው እየሮጠ ይመጣል። ሲደርስ የሚጠይቀው ምን ችግር ገጠመህ ብሎ ነው። ሁለቱ ተጋግዘው ብሎኑን ያወጡና ደግመው ያስገባሉ። መኪናው የዚያን ቦታ መጨረሻ ሳያልፍ ከተስተካከለ ገመዱ እንደገና ይሳባል፣ ሙዚቃው ይቆማል፣ ሥራው ይቀጥላል። ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል።

እዚህ ላይ ያለውን ብልሃት ልብ በሉ። መጥፎ ዜና የመናገሩ ነገር ለሠራተኛው ድፍረት አልተተወም። ገመዱ ከራሱ በላይ ነው። መሳብ የሥራው አካል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሳበ ቁጥር የሚሮጥ ሰው አለ። ሮጦ የሚመጣ ከሌለ ገመዱ የልብስ ማስጫ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ኑሚ በጥራቱ ጃፓን ካሉት የቶዮታ ፋብሪካዎች ጋር የሚወዳደር መኪና ያወጣ ጀመር። ሥራ የሚቀረው ሰው ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ይህን ታሪክ ሳስብ ሠራተኛ ጠፋ፣ የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም የሚለው ሮሮ ይከብደኛል። የፍሪሞንት ሰዎችም እንዲሁ ሲባሉ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ጄኔራል ሞተርስ የኑሚን አሠራር ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ለመውሰድ ሞከረ። እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቫን ናይስ በሚባል ፋብሪካ ነገሩ አልያዘም። የአለቆቹ ሥራ የሚለካው በሚወጣው መኪና ብዛት ነበር። መስመሩን ያቆመ ሰው ከአለቃው ጋር ይጣላል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይነካዋል? ቫን ናይስ በ1992 ተዘጋ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ2009 ኪሳራ አወጀ፣ ከኑሚም ወጣ። ኑሚ በ2010 ተዘግቶ ግቢውን ቴስላ ገዛው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ካይዘን ብለን የምናውቀው አሠራር ሥሩ ከዚያው ከጃፓን ፋብሪካዎች ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው መለስ ዜናዊ ጃፓኖቹን ከጠየቁ በኋላ ነው። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት በጃይካ እርዳታ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ኩባንያዎች ተሞከረ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። መጋዘኖች ተስተካክለዋል፣ የጠፉ ዕቃዎች ተገኝተዋል፣ መሣሪያ የሚቀመጥበት ቦታ በቀለም ተሠምሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ካይዘን ገብቷል የሚል ድርጅት ሁሉ ራሱን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት ገመዱ የቱ ነው? ሲሳብስ ማን ይሮጣል? ቀለሙ በአንድ ሳምንት ይቀባል። ሯጩን ማፍራት ዓመታት ይፈልጋል።

ታዲያ ጥፋተኛ አይጠየቅም ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። የሰረቀ ሰው አልተሳሳተም፣ ሰርቋል። አይቶ የደበቀ ሰውም ይጠየቃል። አሠራሩ እየታወቀ በቸልታ የተዘለለ ነገርም አለ፤ እዚያ ላይ ቆጣ ማለት ያስፈልጋል። ከዚህ ውጪ ግን ሁለት ዓይነት ውድቀት ይቀራል። አንደኛው የብዙ ትናንሽ ነገሮች ግጥምጥሞሽ ነው፤ መብራት ጠፋ፣ ሾፌሩ ታመመ፣ አዲሷ ልጅ የተሳሳተ ቁጥር ደወለች። አንድ ሰው ላይ ብታላክኩት ትሳሳታላችሁ። ሁለተኛው ማንም መልሱን የማያውቀው ሙከራ ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ሱቅ ከፍቶ አዲስ ዕቃ መሞከርና አለመሳካቱ የትምህርት ክፍያ ነው። ያንኑ ሳይሞክሩ በአሥር ከተማ በአንዴ ከፍቶ መክሰር ግን ከሙከራ አይቆጠርም።

ከውድቀት መማር ሲባል ብዙ ሰው ውድቀትን ማሞገስ ይመስለዋል። ውድቀት ያማል። ብር ይበላል፣ ሰው ያፈናቅላል። የምንፈልገው በትንሹ መውደቅና ቶሎ ማወቅ ነው።

ቶሎ ለማወቅ ደግሞ ሰው ማውራት አለበት። የሃርቫርዷ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና የገጠማት ነገር ይህን ያሳያል። ጥሩ ቡድን ትንሽ ስህተት ይኖረዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። መረጃው ግን ተገልብጦ መጣ። የተሻለ የሚሠሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ነገሩ ሲጠና ጥሩዎቹ ቡድኖች ስህተታቸውን በግልጽ ያወራሉ። ሌሎቹ ይደብቃሉ። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ አንድም ችግር ሪፖርት ያልተደረገለት አለቃ ደስ ሊለው አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እዚህ ላይ ግን የሚሞተው ደባቂው ብቻ አይደለም።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው የአቪዬሽን ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 የቲደብሊውኤ በረራ 514 ዋሽንግተን አቅራቢያ ወደሚገኘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎቹ የመቆጣጠሪያውን ትዕዛዝ ቶሎ ዝቅ በሉ እንደማለት ነበር የተረዱት። የሚያሳዝነው ቀጥሎ ያለው ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት ትዕዛዝ፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውታል። ለድርጅታቸው ተናግረዋል። ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠንቅቋል። የቲደብሊውኤ ሰዎች ግን አልሰሙም፤ ወሬውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ፣ በ1976፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ብልህ ሥርዓት ተቋቋመ። አብራሪ ወይም ተቆጣጣሪ ስህተቱን ወይም ያየውን አደጋ ጽፎ ይልካል። የሚልከው ግን ለሚቆጣጠረውና ለሚቀጣው መሥሪያ ቤት አይደለም። ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለናሳ ነው። ናሳ ማንንም አይቀጣም። የላኪውን ስም ይሰርዝና ትምህርቱን ለሁሉም ያሠራጫል። ሆን ብሎ ያላደረገውን ጥሰት በአሥር ቀን ውስጥ ያሳወቀ ሰው ከቅጣት ይጠበቃል፤ ወንጀልና የደረሰ አደጋ ግን በዚህ አይሸፈንም። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ገብቷል። ተናጋሪውን የሚጠብቅ ሥርዓት ሲኖር ሰው ይናገራል።

ሥርዓት ባለበት ሙያ ውስጥ ደግሞ ሥርዓቱ ሊበላሽ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቷል። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ ታች የደፋቸው አንድ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የሚያምነው የአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ንባብ ብቻ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ቦይንግ ውስጥ የመደበቅ ባህልና ምርት የማፋጠን ጫና እንደነበር ጽፏል። እዚያው ሪፖርት ላይ አንድ ቁጥር አለ። በመንግሥት ስም አውሮፕላኑን እንዲፈትሹ የተወከሉ የቦይንግ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2016 በውስጥ መጠይቅ ተጠይቀው ነበር። ከመለሱት ውስጥ 39 በመቶው አግባብ ያልሆነ ጫና እንዳለ ሲናገሩ፣ 29 በመቶው ደግሞ ብናሳውቅ ምን ይደርስብን ይሆን የሚል ስጋት ነበራቸው። ይህ ከአደጋዎቹ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ እንደሚፈሩ የሚያሳይ መረጃ በእጁ ይዞ ነበር።

ሙላሊ ወደ ፎርድ የመጣው ከዚሁ ከቦይንግ መሆኑን አስታውሱ። እዚያ የመንገደኞች አውሮፕላን ክፍልን መርቷል። ባህል በውርስ አይተላለፍም። ሰዎቹ ሲቀየሩና ሽልማቱ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ይጠፋል። ቶዮታ እንኳ አልዳነም፤ የራሱ ኩባንያ የሆነው ዳይሃትሱ ለዓመታት የደህንነት ፈተናዎችን ሲያጭበረብር እንደነበር በ2023 ታውቆ መኪና ማስረከብ አቆመ። ያጣራው ገለልተኛ ኮሚቴ ምክንያት ካላቸው ውስጥ በጊዜ እጥረት ማጨናነቅ ይገኝበታል።

ወደ ትንሹ ድርጅት እንመለስ። አንድ ዳቦ ቤት እናስብ። ሌሊት ሊጡ አልነሳ ብሏል። ባለቤቷ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ ጋጋሪው በር ላይ ይጠብቃታል።

“እትዬ፣ የዛሬው ዳቦ ተበላሽቷል” ይላታል።

ቀጥሎ የምትለው ነገር ሁሉን ይወስናል። “ዱቄቱ በነፃ የመጣ መሰለህ?” ብትል ሌላ ጊዜ በር ላይ አይጠብቃትም። ጠፍጣፋውን ዳቦ ከደህናው ጋር ቀላቅሎ መደርደሪያ ላይ ይደረድርና ደንበኛው ራሱ ይንገራት።

“እሺ፣ አሁን የሚሸጥ ስንት አለን?” ብትል ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የዛሬውን ደንበኛ ታስተናግዳለች። ረፋድ ላይ ቁጭ ብለው ታወራዋለች።

“ከትናንቱ ምን የተለየ ነገር ነበር?”

“እርሾው አዲስ ነው እትዬ። የለመድነው አልቆ ሱቁ ሌላ ሰጠን።”

“ለእኔ አልተነገረኝም።”

“ማታ ነው የመጣው። በሌሊት መደወል ከበደኝ።”

አሁን ሁለት ነገር ታወቀ። እርሾ ያለ እሷ ዕውቀት ይቀየራል። ጋጋሪውም በሌሊት መደወል ይፈራል። ሁለቱም የሰው ጥፋት አይደሉም፤ ሁለቱም ዛሬውኑ ይስተካከላሉ። አዲስ እርሾ ሲመጣ መጀመሪያ በትንሽ ሊጥ ይሞከራል። ነገር ሲበላሽ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። ሁለተኛው ደንብ የሚጸናው ግን አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮሆ፣ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ደህና አደረግህ ስትለው ነው።

ደግ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። ከልክ በላይ ደግ የሆነ፣ ችግሩን ሰምቶ አይዞህ ብሎ የሚሸኝ አለቃም አለ። ሠራተኛው እየተናገረ ምንም ካልተቀየረ በሦስተኛው ጊዜ መናገር ይተዋል። ሙላሊ ካጨበጨበ በኋላ በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ቀይ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የኑሚ የቡድን መሪም ብሎኑን ሳያስተካክል አይሄድም።

ኮች መቅጠር ያሰበ ባለቤት ከውሉ በፊት ሁለት ሦስት ነገር ቢያጣራ ይጠቀማል። ሰውየው ሥልጠና ከመስጠቱ በፊት ስብሰባችሁ ላይ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ፈቃደኛ ነው? ከጥበቃው፣ ከሾፌሩና ከገንዘብ ያዥዋ ጋር ያወራል ወይስ ከእናንተ ጋር ብቻ? ሠራተኞች የነገሩትን ነገር ለእናንተ ሲያመጣ ስም አይጠቅስም፤ ይህ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ሠራተኞቹም ያንብቡት። ስም ንገረኝ ብላችሁ ስትጫኑት አልነግርም የሚል ሰው ከሆነ ገንዘባችሁን ያወጣችሁበት ሥራ ይሠራል። ሽልማትና ጉርሻ የምትሰጡበትን መንገድም ያሳዩት። የሽያጭ ሠራተኛው ጉርሻ የሚያገኘው በተሸጠው ብዛት ብቻ ከሆነ፣ የተመለሰውን ዕቃ ማንም አይቆጥርላችሁም። ያንን ኮቹ ሊቀይረው አይችልም፤ የክፍያ ደንቡን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።